ግማሿ ክኒን

ልብስ ተኳሹ መጀመሪያ የወደቀ ዕለት፣ ጨርቅ ቆራጯ መቀሷን ጥላ ሮጠች።

ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ስፌት ቤት ሲሠሩ ከጠረጴዛ ማዶ ለማዶ ከመተያየት በቀር ምንም አልተባባሉም። ያን ዕለት ግን ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰው ምን ይለኛል አላለችም። ማንኪያ አፉ ውስጥ ክተቱ ያሉትን ገፍትራ፣ በጎኑ አስተኝታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከጭንቅላቱ ሥር አደረገች።

ዓይኑን እንደገለጠ ስለ ካውያው ጠየቀ።

«ነቅዬዋለሁ። ሸሚዙ ግን ተቃጥሏል።»

«የማን ሸሚዝ?»

«የአሠሪያችን።»

«እሰይ» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። እሷም እየሳቀች አለቀሰች። ፍቅራቸው የተጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ልቡ ያለ ምክንያት የምትጋልብ ሰው ነበር። አንዲት የልብ ሐኪም የምት ማስተካከያ ክኒን አዛለት ዓመት ያህል ደህና ከርሟል። በዚያ ወር ግን መውደቁ ሁለቴ ደገመው። ወሬው ታላቅ ወንድሟ ጆሮ ገባ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለበት እህቴን አልሰጥም፣ ዛሬ ካውያ ይዞ የወደቀ ነገ ልጅሽን ይዞ ይወድቃል አላት። 

ተኳሹም ሰማ። በማግስቱ መተኮሻ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጀርባውን ሰጣት። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ስታይ ዋለች። ሠራተኛው ሲወጣ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ፊትህን ምን አዞረው?»

«ወንድምሽ እውነቱን ነው።»

«እውነቱን ከሆነ እሱን አግባ።»

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ማንም ያላወቀውን ነገራት፤ ከመውደቁ በፊት ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ይጠፋበታል። ከመቼ ጀምሮ ብትለው፣ ክኒኑ ከተቀየረ ወዲህ መሰለኝ አላት። ሌላ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤቱ አስከተለችው።

መድኃኒቱን በየቀኑ በወረቀት ጠቅልለው የሚሰጡት እንደ እናት ያሳደጉት አክስቱ ነበሩ። ሣጥኑን አወጡላት። ትንሿ ክኒን አልቃ ፋርማሲው ጠንካራዋን እንደሰጣቸው፣ ግማሽ ግማሽ ይውሰድ እንዳላቸውም ነገሯት።

«ታዲያ ግማሽ ነው የሚሰጡት?»

«ግማሽ?» አሉ አክስትየው፣ እንደተሰደበ ሰው። «እኔ ይህን ልጅ በግማሽ አላሳደግሁትም። ሙሉውን ነው የምሰጠው፣ ጠዋትም ማታም።»

 ቆራጯ ዕድሜዋን በመቀስ የኖረች ሴት ናት፤ ልኩን ያለፈ ነገር ምን እንደሚያበላሽ ታውቃለች። ሣጥኑን ቦርሳዋ ከትታ ሁለቱንም ክኒኑን ወዳዘዘችለት የልብ ሐኪም ይዛ በረረች።

ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ አስተኛችው። ልብን የሚገታው መድኃኒት ሲበዛ አንጎልንም ይነካል፣ መደንዘዙም መንቀጥቀጡም መውደቁም ከዚያ የመጣ ይመስላል አለቻቸው። አክስትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እሱ እጃቸውን ይዞ፣ በፍቅር ልትገድዪኝ ነበር እኮ እያለ አሳቃቸው። መጠኑ ተስተካከለ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር፣ ሦስት፤ አልወደቀም። ሐኪሟም ነገሩን በወረቀት ጻፈችለት።

ይህን ሲሰማ ታላቅ ወንድሟ ፊቱ በርቶ መጣ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ወረቀቱን ስጪኝና ለዘመድ ላሳይ፣ ከእንግዲህ የሚከለክልሽ የለም አላት።

«አልሰጥም።»

«ለምን? ነፃ የሚያወጣው ወረቀቱ ነው እኮ።»

«ምን ወንጀል ሠርቶ ነው ነፃ የሚወጣው?» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ስማኝ ወንድም ጋሼ። ወረቀቱ ባይመጣም አገባው ነበር። በሽታው የምትሉት ሆኖ ቢገኝም አገባው ነበር። ነገ ሐኪሟ ተሳስቻለሁ ብትል፣ አብሬው እቀመጣለሁ እንጂ ትቼው አልሄድም። የሚወድቁ ሰዎች ሚስት አያገቡም ያለው ማነው?»

ወንድሟ ለወረቀቱ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«ሐሙስ ጋብቻችንን እንፈራረማለን» አለች። «ማዘጋጃ ቤት ከየወገናችን ምስክር ይፈልጋል። ለእሱ አክስቱ አሉ። በእኔ በኩል አንተ ካልሆንክ፣ የስፌት ቤቱ ዘበኛ ኮቱን አስተኩሶ ጨርሷል።»

 

«ያ እንቅልፋም ዘበኛ ነው የሚፈርምልሽ?» አለ ወንድሟ።

«እሱው ነው።»



«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?»