አብራጇ ያፈነችው ልቅሶ

የአብራጅ ጣቢያው ባለሙያ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ የሃያ ሦስት ሰው አንጎል አንብባለች። ሃያ አራተኛውን ስትጠራ እግሯ አብጦ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነበር። በሎጊያ ከተማ የሚጥል በሽታ ያለበት ሁሉ በስድስት ወር አንዴ እየመጣ አብራጁን ያስፈትሻል። አብራጅ ከራስ ቅል ሥር የምትቀበር፣ ምስር የምታህል መሣሪያ ናት። የነርቭ ሴሎች ያለልክ መንጫጫት ሲጀምሩ ጋባ የተባለውን፣ ሴሎችን ዝም የሚያሰኝ ኬሚካል ትለቃለች። ሰውየውም ሳይወድቅ ያልፍለታል። በከተማዋ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ከታየ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል።

ሃያ አራተኛው አቶ ይርዳው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ።

«ምን ያስቸግርዎታል?» አለቻቸው ቀና ሳትል።

«ምንም። ችግሩም እሱ ነው። ባለቤቴ ዝናሽ ከሞተች ሦስት ወሯ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን እንባ ጠብ አላለኝም። ሆዴ ሊባባ ሲል አንድ ነገር ፀጥ ያደርገኛል። ልጆቼም ከቀብሩ ወዲህ አኩርፈውኛል።»

አስካለ መዝገባቸውን ከፈተች። አብራጇ በቀብሩ ዕለት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ጋባ ለቃለች። የአንጎላቸውን ሞገድ አጉልታ ደጋግማ አየችው። የበሽታውን መነሻ ይመስላል፤ ግን አነሣሡ ዝግ ያለ ነው። መሣሪያዋ ሐዘናቸውን በሽታ መስሏት ስታጠፋው ኖራለች።

«መጠኑን ልቀንስልዎት እችላለሁ» አለች። «ግን ሊወድቁ ይችላሉ።»

«ከጎኔ ይሆናሉ?»

«እሆናለሁ።»

አልጋ ላይ አስተኝታቸው ጋባውን በግማሽ ቀነሰች። ጣቷን መመለሻው ቁልፍ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትከሻቸው። ሞገዱ ሽቅብ ወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ባየች ቁጥር ቁልፉን ስትጫን ነው የኖረችው።

«ዝናሽዬ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ጣቷን አነሣች። አቶ ይርዳው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ብዙ አለቀሱ። አልወደቁም። ሲወጡ፣ ለጥቂት ቀን ብቻቸውን እንዳይሆኑ አደራ አለቻቸው። «ልጆቼ ጋ ነው የምሄደው» አሏት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ የከተማውን ሰሌዳ ከፈተች። ከንጋት ወዲህ የሎጊያ አብራጆች ስድስት መቶ አሥር ጊዜ ጋባ ለቀዋል፤ ሁሉም «የታገደ ሕመም» ተብሎ ተመዝግቧል። ስንቱ ሕመም፣ ስንቱ ልቅሶ፣ ስንቱ ደስታ እንደነበረ ሰሌዳው አያውቅም። እሷም አታውቅም። ማወቅ የሚቻለው የተሰማውን ሰው በመጠየቅ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ደግሞ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ወገቧን ይዛ ተነፈሰችና ሰሌዳው ላይ ስሙ መጀመሪያ ወደተጻፈው ሰው ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከአብራጅ ጣቢያ ነው» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ምን ተሰምቶዎት ነበር?»