የሦስቱ ምስክሮች ስም

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥቅምት፣ በይፋት ቆላ ማሾ በሚታጨድበት ሰሞን፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ሰው በቅናት ይነድ ነበር። ይህ ሰው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሚልኪያስ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለጉዳይ ሁሉ የሚለማመጠው እርሱን ነበር፤ አሁን ግን ሰልፉ ወደ ወጣቷ ጸሐፊ ወደ ናጅዋ ጠረጴዛ ዞረ፤ የይዞታ መዝገቡን በገዛ ስልኳ ፎቶ አንሥታ ይዛ፣ ለጠየቃት ሁሉ ወዲያው መልስ ትሰጣለችና።

«ጋሼ ሚልኪያስ መዝገብ ፈልገው እስኪያገኙ፣ ዛሬ የተዘራ ማሾ ይደርሳል» አሉ ከጀውሃ የመጡ አንድ አዛውንት። ሰልፈኛው ሳቀ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ሞገስም በስብሰባ ላይ «ከናጅዋ ተማሩ» አሉ። ሚልኪያስ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በሳምንቱ ከእርሷ ስልክ የሚበልጥ ስልክ ገዛ፤ እርሷ ያልደረሰችበትን ለመያዝ ሲልም ቁልፉ በእርሱ እጅ ብቻ ያለውን የታሸገ የምስጢር ፋይል ከፍቶ ፎቶ አነሣው። በፋይሉ ውስጥ፣ ባሏ የሞተባትን የሩቂያን የመስኖ መሬት በጉልበት በያዘ ባለጸጋ ላይ የመሰከሩ የሦስት ገበሬዎች ስም ነበር፤ ስማችሁ አይወጣም የተባሉ ናቸው። ሹሙ በጠየቁ ዕለት ከኪሴ አውጥቼ አነብላቸዋለሁ እያለ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የቆዩ ዘፈኖች እንዲጫኑለት ስልኩን ወደ ዘፈን ጫኙ ወደ በድሩ ሱቅ አስገባ። በዚያ ዘመን የከተማው ሰው ሁሉ ስልኩን እንዲሁ ለባለሱቅ ትቶ ገበያ ዞሮ ይመለስ ነበር።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ሞልቷል፤ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተሬ ላይ ላሳርፋቸው?» አለ በድሩ።

«አሳርፋቸው» አለ ሚልኪያስ፤ ሐሳቡ ናጅዋ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ዘፈን ሊያስጭን የገባው የባለጸጋው የእኅት ልጅ ነበር፤ ተራውን እየጠበቀ በኮምፒዩተሩ ላይ የሰው ፎቶ ሲገላልጥ የምስክሮቹን ስም አገኘ። በሦስተኛው ቀን ስሞቹ እስከ ካራቆሬ ተወሩ። ከሦስቱ አንዱ፣ አብዱልሀኪም፣ ሹሙ ፊት ቆመ፤

«ክምሬን አቃጠሉት። ወላሂ፣ ልጆች አሉኝ። ምንም አላየሁም፤ ቃሌን መልሱልኝ።»

የቀሩት ሁለቱም ተከተሉት። ሩቂያ ያለ ምስክር ቀረች።

ሹሙ ሠራተኛውን ሰበሰቡ፤ የሁሉም ዓይን ናጅዋ ላይ አረፈ። «ጋሼ ሚልኪያስ» አለች፤ «የዚያ ፋይል ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው። እኔ አይቼው እንኳ አላውቅም። ይንገሩልኝ እንጂ።»

ሚልኪያስ ነገሩ ከየት እንደ ወጣ ያውቅ ነበር፤ እውነቱም ከንፈሩ ድረስ መጣ። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል፣ በደጅ የተሰለፈው ባለጉዳይ «ናጅዋ አልገባችም እንዴ?» ሲል ሰማ።

«ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጥቼ ይሆናል» አለ፤ «ይህች ልጅ ደግሞ ስልኳን የማታስገባበት ቦታ የለም።»

ናጅዋ ከሥራ ተሰናበተች። ሰልፉ ወደ ሚልኪያስ ተመለሰ፤ በመጀመሪያው ቀን ከፊት የቆመችው ሩቂያ ነበረች፤ እርሱም ዓይኗን ሳያይ «ጉዳይሽ ተዘግቷል» አላት።

ከዚያ ወዲህ በግል ስልክ መሥራት የሚከለክል ደብዳቤ ወጣ፤ ክልከላው ተገቢ ነበር። ያን ዘመን የሚያጠና ሰው ቢመጣ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ጥፋተኛ ተብሎ የሚያገኘው የናጅዋን ስም ነው፤ ስሙን ያሰፈረው የጉባኤው ጸሐፊም ሚልኪያስ ነበር።