የአስታማሚዋ ቀኝ ትከሻ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የበጎ አድራጎት ማኅበሩ አዳራሽ በመጋረጃ ለሦስት ይከፈላል። በየመጋረጃው ውስጥ አንድ ጠባብ አልጋና አንድ ወንበር ይቀመጣል። ደጅ ያለው ረጅም አግዳሚ ደግሞ በአስታማሚዎች ይሞላል፤ እናቱን የሚያስታምም፣ ባሏን የምታስታምም፣ ልጇን ተሸክማ ወገቧ የተቆረጠ። ታማሚውስ ሐኪም አለው፣ ጠያቂ አለው። አስታማሚውን ግን «አንተንስ የት ጋ ያምሃል?» የሚለው ሰው የለም። ማኅበሩ ይህን አይቶ ነው ለእያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ በነጻ የሚያሹ በጎ ፈቃደኞችን የሰበሰበው።

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ወጌሻው ነበር። በአዘቦት ቀን የአንድ ኳስ ቡድን ረዳት ወጌሻ ነው፤ የተጫዋቾች እግር ሲያሽ ይውላል። ጓደኞቹ «እጁ እንጂ አፉ አይሠራም» ይሉታል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በሰፈሩ እሱን የሚያህል ባለጸጋ ባልተገኘ ነበር።

ከአስታማሚዎቹ አንዷን ያወቃት በጀርባዋ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው መጥታለች። በር ላይ መዝገብ ይዘው የሚቀመጡት አስተባባሪ፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው፣ «አባትሽ እንዴት አደሩ?» ይሏታል። «ደህና ነው» ትላለች። ከዚያ ልብሷን እንደለበሰች በሆዷ ትተኛለች፤ ግንባሯ ትራሱን ሲነካ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል። እትዬም ስሟን ትተው «እንቅልፌ መጣች» ማለት ጀምረዋል።

ወጌሻው አንድም ቀን ሊቀሰቅሳት አልፈለገም። የሃያ ደቂቃው ደወል ሲደወል የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ ያደርግና «እህቴ፣ ደርሷል» ይላታል። እሷም ዓይኗን እያሸች «ይቅርታ ወንድሜ፣ ዛሬም ወሰደኝ» ትላለች። የሳምንቱ ጨዋታቸው ይኸው ነው።

ግን ጀርባዋ ብዙ ይነግረዋል። አባቷ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ስታሻግራቸው ክንዳቸውን የምትጭነው በቀኝ ትከሻዋ ላይ ነው። ያ ትከሻ ድንጋይ ሆኗል። አባቷ ሲያስቸግሩ የሰነበቱበትን ሳምንት፣ እሷ ቁጭ ብላ ያደረችባቸውን ሌሊቶች ሳይነገረው ያውቃል። መቼ እንደወደዳት ግን አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ስትዘገይ ዓይኑ ከበሩ አልነቀል ሲለው ነው ነገሩ የገባው።

ከዚያ ግን ነገር ተለወጠ። እንቅልፌ መተኛት ተወች። ፊቷን ወደ ወለሉ እንዳደረገች ታወራው ጀመር።

«ተጫዋቾቹም እንደኔ ያንኮራፋሉ?»

«እነሱ ይጮኻሉ።»

«እኔ አንኮራፋለሁ ማለት ነው?»

ብዙ አሰበ። «ትንሽ።»

ሳቀች። ሳቋ በጀርባዋ አልፎ መዳፉ ውስጥ ገባ። ያን ሳምንት እጁን በታጠበ ቁጥር ሳቋ የሚታጠብበት መስሎት ሳሳ።

ደግሞ ትከሻዋ እየለሰለሰ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ቋጠሮው ጠርዙ ላላ፤ በሦስተኛው ግማሽ ሆነ፤ በአራተኛው የማንም ሰው ትከሻ መሰለ። ወጌሻው በሆዱ ኮራ። ሐኪም ያልፈታውን እኔ ፈታሁት አለ። የሌሊት እንቅልፏም የተመለሰው፣ ጨዋታዋም የመጣው በእጁ በረከት መሰለው። በዚሁ ድፍረት አገኘና ሊነግራት ቆረጠ። ከትከሻዋ ይጀምርና፣ ከዚያ ወደ ልቡ ይገባል። አፉ እንዳይተሳሰር መንገድ ላይ ለብቻው ሲለማመድ አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው አይተውታል።

«ትከሻሽ እኮ ዳነ» አላት በአራተኛው ቅዳሜ። «ቋጠሮው ተፈቷል። እጄ... ማለቴ፣ አንቺም በርትተሻል።»

ጀርባዋ ከእጁ ሥር ቀጥ አለ።

«የማነሳው ሰው የለም» አለች ወደ ወለሉ። «አባዬ ካረፈ አምስተኛ ሳምንቱ ነው።»

እጁን አነሣ። የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እንቅልፏ የተመለሰው ሌሊት የሚጠራት ስለሌለ ነው። ትከሻዋ የለሰለሰው ክንድ የሚጥልበት ስላጣ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ሲደሰት የከረመው በሐዘኗ ነበር።

ተነሥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ፊቷን እንዲህ በቅርብ አይቶት አያውቅም። ቀስ እያለች ነገረችው። እትዬ በር ላይ አባትሽ እንዴት አደሩ ሲሏት ደህና ነው ካለች፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል አባቷ በሕይወት አሉ። ቤት ግን ማንም አይጠይቃትም። ማኅበሩ የሰጣት የመግቢያ ካርድ ለአስታማሚ ብቻ እንደሆነ፣ ደጅ ስንት ሰው ተራ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። የሰው ተራ በላሁ ብላ አፍራለች፤ አፍራም መጥታለች።

አሁን ደግሞ ወንድሟ ከሩቅ ከተማ መጥቷል። ቤቱ ለአባቷ በሥራቸው የተሰጠ ስለነበር ለመሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። የወንድሟ አማት አልጋ ላይ ናቸው። እሷ ሄዳ እንድታስታምማቸው ዘመድ ተሰብስቦ ተመካክሮ ጨርሷል፤ እሷን የጠየቃት የለም።

«'አንቺ ለምደሽዋል' አሉኝ። እንደ ሙያ ቆጠሩልኝ።»

«መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አራት ቅዳሜ ዓይኔን አፍጥጬ የተኛሁት፣ አንድ ነገር ትለኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ወጌሻው ቅሪ ሊላት አፉን ከፈተ። የት ነው የምትቀረው? እሱ ራሱ የሚያድረው እህቱ ቤት ነው፤ ከሁለት የእህቱ ልጆች ጋር፣ በመጋረጃ ጥግ። ያን ጥግ አሰበና ቀና ብሎ ሰዓት አየ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት አስታማሚ ሲያቃስቱ ይሰማል። ለደወሉ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።

«ስታነሻቸው» አለ፣ «ከወገብሽ አትጎንበሺ። ጉልበትሽን እጠፊና ወደ ደረትሽ አስጠጊያቸው። ሁልጊዜ በቀኝ አታንሺ። አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ሌላስ?»

«ሌላ...» አለ። «የሚያግዝሽ ሰው ካለ ጥሪ። ብቻሽን አትታገዪ። እሺ እህቴ?»

«እህቴ አትበለኝ።»

ደወሉ ተደወለ። እሷ ግን አልተነሣችም። ቀኝ እጁን ሳበችና የአውራ ጣቱን ሥር፣ ልክ የሚያቃጥለውን ቦታ፣ በጣቷ ጫን አደረገችው። ቀን የተጫዋች እግር፣ ቅዳሜ የአስታማሚ ጀርባ ሲያሽ ያ ቦታ ዓመት ሙሉ ታሟል። ለማንም አልተናገረም።

«አንተን እዚህ ጋ ያምሃል፤ አይደል?»

«ያመኛል» አለ።

ያን ቀን ከልቡ የወጣው ቃል ያ ብቻ ነበር።

ከወጣች በኋላ በመጋረጃው ክፍተት ሲያያት፣ እትዬ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። እትዬ መዝገባቸውን ጥለው ተነሡና አቀፏት። ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ መጋረጃው አንድ ጊዜ ዞር አለች። እሱ እግሩን ሊያነሣ ሲል እትዬ ተረኛውን አስገቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእሷ ሰዓት ለአንድ ሽማግሌ ተሰጠ። ኮታቸውን በጥንቃቄ አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩና በሆዳቸው ተኙ። ወጌሻው እጁን አሳረፈ። ቀኝ ትከሻቸው ድንጋይ ነው። ወዲያው ትንፋሻቸው ረዘመ።

እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳይወጣው የሰነበተውን ቃል በሹክሹክታ ለቀቀው።

«አትሂጂ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ከትራሱ አላነሡም።

«ወዴት ይኬዳል ልጄ» አሉ። «ሚስቴ እኮ አልጋ ላይ ናት።»

ወጌሻው መዳፎቹን አፋትጎ አሞቀና በቀኝ ትከሻቸው ጀመረ።