የሃየሎም ካርድ

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ቀትር ነበር፤ ሰባት ሰዓት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ እኔ የምሠራበት የምርምር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት።

ተመራማሪዎች በካርዳቸው ገብተው የትኛውን ጽሑፍ እንደከፈቱ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። ከዚያ ለሚቀጥለው አንባቢ፣ "ይህን ያነበቡ ይህንንም አንብበዋል" ብሎ ይጠቁማል። ከራሱ አይፈጥርም። ሰው ያላነበበውን አይጠቁምም።

ያን ቀን ተመራማሪው ባንታምላክ ስለ ሰሊጥ በሽታ አንድ ጽሑፍ ከፈተ። በማግስቱ ባሱንዳ ወደሚባለው አገር፣ ወደ ሰሊጥ ማሳ ሊወርድ ነው።

"አንዳርጋቸው..." አለኝ በሹክሹክታ። "ና እስኪ።"

ጥቆማው ሦስት ነበር።

የገጀራ ቁስል በአንገት ላይ።

ደም በጥቁር አፈር ውስጥ።

የተቆረጠ እጅ ስንት ቀን ይቆያል።

"ስለ ሰሊጥ ጠየቅሁት፤ ቄራ ወሰደኝ!" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። መዝገቡን ከፈትሁ። ሦስቱንም ያነበበው አንድ ካርድ ነው። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በአራተኛው ኮምፒውተር።

የሃየሎም ካርድ...

ሃየሎም የሰሊጥ ተመራማሪያችን ነበር። አምና ባሱንዳ ላይ ያልታወቁ ሰዎች በገጀራ ከትፈው ጣሉት። ጭንቅላቱ በአንገቱ ቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀኝ እጁ እስካሁን አልተገኘም።

ካርዱን ሳልሰርዝ የተውሁት እኔ ነኝ። ንባቡ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ።

"አትሂድ" አልሁት።

"በኮምፒውተር ስህተት? ተው ያ ዞል፣ ተው አንተ ሰው! ሰሊጡ ሳይታጨድ ናሙናዬን ልውሰድ።"

አሰብሁ። ካርዱን የሰረቀ ሰው ይኖራል። ያለ ማስረጃ ሰው ማስፈራራት ደግሞ ደግ አይደለም።

ካርዱን ሰረዝሁት። ጥቆማው ጠፋ።

"ኸላስ፣ ተስተካክሏል" አልሁት።

ሄደ።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና አመጡት። በደም የደረቀውን ሸራ የገለጥሁት እኔ ነኝ። አንገቱ... ያው ነው።

ቀኝ እጁ የለም።

ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ብቻዬን ነበርሁ። ምንም ሳልከፍት ስክሪኔ ላይ ጥቆማ መጣ።

"ሁለት አንባቢዎች ይህን ለአንዳርጋቸው መርጠዋል።"

የባሱንዳ መንገድ ካርታ ነው።

ከወደ አራተኛው ኮምፒውተር ጠቅ... ጠቅ... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና አልሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ማውሱ ላይ ግን ከአንጓው የተቆረጠ ቀኝ እጅ ነበር። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር አፈር። አንዱ ጣት ይነሣል... ይጫናል...

ከጎኑ ሌላ ቀኝ እጅ። ትኩስ። ደሙ ገና ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል።

እሱ ካርድ ጨብጧል።

ኪሴን ዳበስሁ...

የእኔ ካርድ የለም።