ሩዙን የሠራችው

«ክዳኑን እንዳትከፍቺው!»

ፈንዲሻ እጇን ከድስቱ ላይ ሰብስባ ሳቀች። «ውይ! ምን ያስጮኽሻል? ላየው ብቻ ነበርኮ።»

«እንፋሎቱ ከወጣ ሩዙ እንደ ጠጠር ደርቆ ይቀራል።»

«አቤት አቤት! ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትይው ልጅ፣ ድስት አጠገብ ስትሆኚ አዛዥ ነሽ ለካ!»

ልጅቷም ሳቀች። ክፍል ውስጥ «ጭጭ» ነው የሚሏት። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች ሰሞን ስሟ ሲጠራ «አቤት» ያለችውን የሰማ ስላልነበረ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለች ቀሪ ተባለች። ቅጽል ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጣበቀባት። ፈንዲሻ ደግሞ ሳቋ እሳት እንደነካው በቆሎ ድንገት ስለሚፈነዳ ነው ፈንዲሻ የተባለችው። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ መጥታ ጭጭ አጠገብ የተቀመጠች እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ የክፍላቸው ኃላፊ መምህርት የወሊድ ፈቃድ ሊወጡ ነው። ተማሪው ለሽኝቱ ከየቤቱ የሚበላ ነገር ይዞ ሊመጣ ተስማምቷል። «እኛ በአንድ ድስት እንገባለን» ያለችው ፈንዲሻ ነበረች። «ሥጋውን እኔ አመጣለሁ። ያን አንቺ ምሳ የምትቋጥሪውን ሩዝ በሥጋ እንሠራለን።»

እንሠራለን ማለቷ ለአፏ ያህል ነበር። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትጎረጉር፣ ሽንኩርቱን ከትፋ ቡናማ እስኪሆን ያቁላላችው፣ ሥጋውን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር የቀቀለችው፣ ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ያጠበችው ጭጭ ናት። የደረቀ ሎሚ ወግታ መረቁ ውስጥ ስትጨምርም ፈንዲሻ ቀና ብላ አላየች።

ጭጭን ግን ቅር አላላትም። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። ከሰዓት ትወጣና ልጇ ከተኛች በኋላ ትመለሳለች። ጭጭ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የሚቀበላት ባዶ ቤት ነው። ምግብ መሥራት የጀመረችውም ርቧት ብቻ አልነበረም፤ ዝምታው ከብዷት ነው። ዘይት ሲንጣጣ፣ ክዳን ሲንኳኳ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። ዛሬ ደግሞ እውነትም ሰው አለ።

ድስቱ ሲከፈት ፈንዲሻ ሳትነፋው ጎርሳ ምላሷን ተቃጠለች። «እጅሽ ይባረክ!» አለች አፏን በእጇ እያራገበች። «እኔን በዚህ ሩዝ ልትድሪኝ ትችያለሽ!»

ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ፈንዲሻ ድስቱን ተቀበለቻት። «አምጪው፣ እስካሁን አንቺ ተሸክመሽዋል።» ጭጭ እጇ ሲቀልላት ደስ እያላት ከኋላ ተከተለቻት።

ክፍል ውስጥ ዴስኮቹ ተገጣጥመው፣ ምግቡ ተደርድሮ ጠበቃቸው። መምህርቷ ከሁሉም ለይሉኝታ ያህል ቀመሱ። ሩዙ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሌላ፤ በመጨረሻም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይህን ሳልጨርስማ አልወልድም!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ለመሆኑ የማን እጅ ነው?» አሉ ዙሪያውን እያዩ።

ጭጭ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የእኔ ነው፣ ቲቸር» አለች ፈንዲሻ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ገና ሳይነጋ ተነስቼ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ባለሙያ!» ብሎ ጮኸ። ጭጭ ጆሮዋ ያሳሳታት መሰላት። አንድ እግሯን ወደ ፊት አድርጋ ነበር፤ መልሳ አስጠጋችው።

«ይህች ኮምጠጥ የምትለዋስ?» አሉ መምህርቷ ማንኪያውን እያጣጣሙ። «ምን ጨምረሽበት ነው?»

ፈንዲሻ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ዓይኖቿ ከልጆቹ መሃል ጭጭን ፈለጉ።

ዝም ማለት በቂ ነበር። ጭጭ ደግሞ ዝም ማለቱን ከማንም በላይ ታውቅበታለች። ትንሽ ብትቆይ ውሸቱ ራሱን በራሱ ያጋልጥ ነበር። ግን የፈንዲሻ አንገት ሲቀላ፣ ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ ሲጨብጡ አየች።

«የደረቀ ሎሚ ነው» አለች ጭጭ ቀስ ብላ። «ስትሠራ አይቻት ነው።»

«ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉና መምህርቷ እንደገና ጨለፉ።

ከክፍል ሲወጡ ጭጭ ፈንዲሻን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«አታካብጂው ባክሽ። ሰው ሲያይሽ ትሸማቀቂ የለ? ገላገልኩሽ እኮ።»

«ልናገር ነበር።»

«አንቺ?» ፈንዲሻ ሳቀች። «አቦ ተይው በቃ! እኔ ባላናግርሽ እዚህ ክፍል ማን ያናግርሽ ነበር?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ የገባት መሰለች፤ ትከሻዋን መታ አድርጋት ወደ ልጆቹ ሮጠች። ጭጭ ባዶውን ድስት አቅፋ እዚያው ቀረች። ጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱንም ታውቀዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ጭጭ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ቆመች። «እማ» ልትል ነበር። እናቷ በሳሙና የተላጡ እጆቿን ጉንጯ ሥር አድርጋ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል። ጭጭ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳበችላትና ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ ስልኩ ጠራ። ፈንዲሻ ናት። «የኔ ቆንጆ፣ አድኚኝ! እናቴ የሩዙን ወሬ ሰምታ አክስቴን ለነገ ምሳ ጠርታብኛለች። ሥሪልኝና ማንም ሳያይ መንገድ ላይ ልቀበልሽ።»

ጭጭ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው። «ነይና አብረን እንሥራ። ሽንኩርቱን አንቺ ትከትፊያለሽ።»

«ቀልድሽን ነው? ጥፍሬን አሁን መቀባቴ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር።»

«ለእኔ? ለጓደኛሽ?»

«ነይ፣ አሳይሻለሁ። ብቻዬን ግን አልሠራልሽም።»

ስልኩ ተዘጋ። ጭጭ ሽንኩርቱንም ቢላውንም አውጥታ ጠበቀች። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች፤ ኮቴው የእነሱን በር እያለፈ ወደ ላይ ይሄዳል። ሲመሽ ሽንኩርቱን ራሷ ከተፈችው። ዓይኗ አለቀሰ፤ ሽንኩርት ነው ብላ ተወችው። ያን ምሽት የሠራችው አልበላ አላት።

ሰኞ ፈንዲሻ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። አልተሰዳደቡም፣ አልተጣሉም፤ ሰላምታ ብቻ ጠፋ። የሁለቱ ዴስክ ለአንድ ሰው እንዲህ ሰፊ መሆኑን ጭጭ ረስታው ነበር።

ምሳ ሰዓት ብዙዎቹ ወጡ። ጭጭ እዚያው ሆና ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። የፊተኛው ዴስክ ላይ የሚቀመጠው፣ መነጽሩ በፕላስተር የተያያዘ ልጅ አፍንጫውን አስቀድሞ ዞረ።

«እንዴ! ይሄ የፈንዲሻ ሩዝ አይደል? ሰጠችሽ?»

መስኮቱ ጋ ከሁለት ልጆች ጋር የቆመችው ፈንዲሻ ሳቋን አቋረጠች። ጭጭ አየቻት። ድስቱ፣ ሎሚው፣ ስልኩ፣ ኮሪደሩ ላይ የተባለው ሁሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አሁን ብታወጣው ክፍሉ በሙሉ ይሰማ ነበር።

«አይ» አለች ለልጁ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ልጁ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ፤ ተመልሶ ምሳ ዕቃዋን አየ። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ሊጠይቅ አሰበና ተወው። እሷም አልጨመረችም። ማንኪያዋን አነሳች፤ አንገቷን ሳትደፋ መብላት ጀመረች።