ሁለት ካሴት ለእማዬ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ባለታሪኳ ፊቴ ተቀምጣ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ጊዜው ኅዳር 1988 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ቦታው ቤይሩት፣ ማዝራ ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኩሽና።

ልጅቷ ቀፀላ ትባላለች። ፓስፖርቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው ይላል። ፓስፖርት ምን የማይለው አለ! እውነቱን ከጠየቃችሁ ገና አሥራ ስድስቷ ነበር። ደላላው ነው በአንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት ያስረጃት።

ማዳም ከሪማ ቤት መሥራት ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀፀላን ግን አንድ ነገር ይዟታል...

ጠዋት ስትነቃ ልቧ ይደልቃል። የሚያባርራት የለም፣ ልቧ ግን ይደልቃል።

ምግቡ አፈር አፈር ይላታል። ሳህን ስታጥብ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ መወልወያውን ይዛ ኮሪደሩ መሃል ትቆማለች... ስትባንን ያረጠበችው ወለል ደርቋል።

ማልቀስ እንኳ አቅቷታል።

«ሰነፍኩ» ትላለች ለራሷ። «ምን ጎደለኝና ነው?»

የማዳም ከሪማ ልጅም እኩያዋ ናት። አንድ ሰሞን እሷም ከክፍሏ አልወጣም፣ አልበላም አለች። ወዲያው ሐኪም ተጠራ። ቀፀላ ውሃ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ልጅሽ አልሰነፈችም፣ ታማለች» አለ ሐኪሙ። «ጭንቀትና ድብርት ይባላል። ልብ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ያስጠላል። በዚህ ዕድሜ ይመጣል። ይታከማል። ብቻዋን አትተዊያት።»

ብርጭቆው ከቀፀላ እጅ ሊወድቅ ነበር። ለካ ስም አለው!

«ሐኪም...» አለች በሹክሹክታ። «እኔም እንደ እሷ...»

«አንቺ ደግሞ!» አለች ማዳሟ። «ያኒ፣ አንቺ እኮ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነሽ። ኸላስ፣ በቃ። ያላ፣ ወደ ኩሽና።»

ዋሽቶ ያስገባት ወረቀት ዋሽቶ አስወጣት።

ያን እሁድ ቤቱ ባዶ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ደብዳቤ መጻፉን ትቶ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ነው አገር ቤት የሚልከው። ቀፀላም ቴፑን ከፍታ የሆዷን ዘረገፈችው።

«እማዬ፣ ታምሜያለሁ። በሽታው ስም አለው። ፓስፖርቱ ውሸት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ... ነይ በይኝ። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ።»

ያ የከዳት እንባዋ ያኔ መጣ። አለቀሰች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ።

ካሴቱን ለመቅዲ ሰጠቻት። መቅዲ የአክስቷ ልጅ ናት። ከራሷ ማዳም ቤት ወጥታ፣ ሳብራ ገበያ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛ የምታውቀው እሷ ናት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ?

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። እናቷ ከደጀን የላከችው ካሴት።

«ቀፀላዬ፣ እንዴት ደስ አሰኘሽኝ! ያ ሳቅሽ! ወፈርኩ ስትዪ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ...»

ቀፀላ ቴፑን አጠፋችው።

ሳቅ? የትኛው ሳቅ?

መልሳ ከፈተችው። የእናቷ ድምፅ ዝቅ ብሏል።

«በሳምንቱ አንዲት ልጅ ሌላ ካሴት ይዛ መጣች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። አንገቷን ደፍታ ደጃፍ ቆመች... ቀሚሷ ውሃ ያንጠባጥባል። በዚህ በጋ! ማንንም የማይምረው ውሻችን እግሯ ሥር ተኛላት። ካሴቱ እርጥብ ነው፣ ጨው ጨው ይሸታል። ብንከፍተው... አንዲት ሴት አንቺን አስመስላ ታለቅሳለች። የኔ ልጅ ጀግና ናት፣ እንዲህ አታለቅስም። እሳት ውስጥ ጨመርኩት።»

በዚያው ሳምንት፣ ቤይሩት ራውሼ ባሕር ዳርቻ፣ የማዳሟን እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መቅዲን አገኘቻት።

«ካሴቴን ምን አደረግሽው?»

«ላክሁት» አለች መቅዲ፣ ባሕሩን እያየች።

«መቅዲ... በማርያም።»

መቅዲ ፊቷን ከባሕሩ መለሰች።

«ሰማሁት» አለች። «ክፉ ወሬ ለእናት ይላካል እንዴ? እናትሽ እትዬ እጅጉ በድንጋጤ ትሙትልሽ? ድምፃችን እንደሆነ አንድ ነው። እኔ ሳቅ ብዬ ቀድቼ ላክሁላት። ላንቺው ብዬ ነው።»

«የኔስ?»

መቅዲ በጣቷ ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዮቹ አሳየቻት።

«ባሕር ውስጥ ጣልኩት።»

«ደርሷል።»

«የት?»

«እማዬ ጋ። እርጥብ ሆኖ።»

የመቅዲ ፊት አመድ መሰለ።

«አትቀልጂ... ድንጋይ አስሬበት ነው እኮ የጣልኩት!»

ቀፀላ መፍራት ነበረባት። እሷ ግን አንጀቷ ነው የተቃጠለው። እህቴ ያለቻት ድምፅዋን ባሕር ከተተችው። እናቷ ከባሕር የተረፈውን አነደደችው። ከሁለቱ የቱ ይብሳል? እኔን ከጠየቃችሁኝ የእናቷ።

ቢሆንም ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ቤት ስትገባ ማንም አልነበረም። ያልሰማችው የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ነበር። ምናልባት እዚያ ነይ ብላኝ ይሆናል አለች።

ሰላምታ... ምርቃት... የጎረቤት ወሬ...

ከዚያ፣ ኳ... ኳ... ኳ።

ደጀን ያለው የእናቷ ቤት በር ነው።

«ማነው?» አለች እናቷ።

ጠብ... ጠብ... የሚል የውሃ ድምፅ ብቻ።

«እማዬ... እኔ ነኝ።»

ቀፀላ ደርቃ ቀረች። ይቺ መቅዲ አይደለችም። ያን እሁድ እያለቀሰች የተዘጋው የራሷ ድምፅ ነው።

«እማዬ... ነይ በይኝ።»

ካሴቱ ይሽከረከራል።

ቀፀላ ቴፑን በሁለት እጇ ጨብጣ «ክፈቺላት... እማዬ፣ ክፈቺላት» ትላለች።

እናቷ ወደ በሩ ስትጠጋ ይሰማል። ከዚያ፣ በጣም በቀስታ፣

«አውቄሻለሁ፣ ልጄ። ጎረቤት ሳያይሽ ሂጂ።»

መቀርቀሪያው ተወረወረ።

እርጥብ እግር መራመድ ጀመረ... ቸፍ... ቸፍ... ቸፍ...

ካሴቱ አለቀ። ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ኮቴው ግን አላቆመም።

ደረጃው ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ... አራተኛ... አምስተኛ...

በሩ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። አልተንኳኳም።

ቀፀላ ተነሥታ ከፈተችላት።