በስምምነት የተሰጠ ቤት

አስተርጓሚው ምናሴ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማው ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ቅዳሜ ጠዋት ተገኘ። ሰኞ ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር። ፖሊስ አዳልጦት ነው ብሎ ሊተወው ሲል ወይዘሮ የምስራች የግል መርማሪዋን ልዕልትን ጠራቻት።

የየምስራች ባል በማጭበርበር ተፈርዶበት ታስሯል። እሷ በፅዳት ሥራ ያፈራችው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤትም በመንግሥት ሊወረስ ነው፤ መወረሱን ተስማምቻለሁ ብላ ፈርማለችና። ምናሴ ግን ሲያስተረጉምላት «ቤትሽን የሚያተርፍ ወረቀት ነው» ብሏት ነበር። ውሎ አድሮ ጸጸተውና ማን እንዳስዋሸው ለዳኛ ሊናገር ቆረጠ። ያለ እሱ ቃል ስምምነቱ ይጸናል፤ ቤቱም ይሄዳል።

ልዕልት መጀመሪያ የምስራችን ያስፈረማትን ጠበቃ ሀዲስን ጠየቀችው። «ወረቀቱ ሲተረጎም የት ነበርክ?»

«ኮሪደር ላይ። ሌላ ክላየንት ኮል አድርጎልኝ» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ደንበኛው ቤቷን ስታጣ እሱ ስልክ ያወራል። ልዕልት ናቀችው፤ ግን ምናሴ በሞተበት ዓርብ ማታ ኮሌጅ ፓርክ የልጁ ምርቃት ላይ ብዙ ሰው አይቶታል።

የእድሩ ሊቀመንበርና የታሳሪው የቀድሞ ሸሪክ አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ ሞቱን ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደሰሙ እየተንሰቀሰቁ ነገሯት። ሲያለቅሱም ማን እንደሚያያቸው ይቃኛሉ።

እሑድ ለልቅሶው ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ ልዕልት በዚህ የሰርግ ወር ቦታ እንዴት እንደተገኘ የአዳራሹን ባለቤት ነጃትን ጠየቀቻት።

«አቶ እንግዳወርቅ ዓርብ ማታ ደውለው ያዙት። ለልቅሶ ነው ስላሉኝ ሰርገኞች መለስኩ» አለች ነጃት።

ልዕልት የምስራችን፣ ሀዲስንና አቶ እንግዳወርቅን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች። የጠራችው ፖሊስ በሩ ጋ ቆሟል።

«ምናሴ የሞተው በነጠላ ጫማ ነው» አለች። «በነጠላ ጫማ ደረጃ ድረስ የሚወጣ ሰው እንግዳ እየሸኘ ነው፤ ያውም የሚከበር ትልቅ ሰው። የምስራችን እንኳን ሊሸኝ፣ አፍሮ በር አይከፍትላትም ነበር። አቶ እንግዳወርቅ፣ እርስዎን ግን ሸኘ። እንዲዋሽ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ስምምነቱ ከፈረሰ ምርመራው ተከፍቶ የእርስዎም ሕንፃዎች ከየት እንደመጡ ይጠየቃል። ገፈተሩት። ከዚያ ሬሳው ሳይገኝ፣ ሞቱን ማንም ሳይሰማ ዓርብ ማታ የልቅሶውን አዳራሽ ያዙ።»

ሰውየው ማን እንደሚሰማቸው ዙሪያቸውን ቃኙ።

«ባለፈው ልቅሶ አዳራሽ ጠፍቶ ስሜ ጠፍቷል» አሉ። «ሰው ምን ይለኛል?»

መግደላቸውን ማስተባበል እንኳን አልታሰባቸውም። ልዕልት ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ቀሽም ግን አላጋጠማትም። ፖሊሱ ይዟቸው ሲወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው፤ ያኔ ፊታቸውን በኮታቸው ሸፈኑ።

ሰኞ ዳኛዋ ስለ አቶ እንግዳወርቅ መታሰር ከሰሙ በኋላ የምስራችን በአዲስ አስተርጓሚ በኩል ቤቱን ለመስጠት ተስማምታ እንደነበር ጠየቋት።

«ቤትሽን ስጪ ያለኝ ሰው የለም» አለች የምስራች። «ቢሉኝማ አልሰጥም እል ነበር።»

ዳኛዋ ስምምነቱን ሻሩት።